ዜውስ ስሙን እስኪያስመልስ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ፣ በደቡብ ምዕራብ ግሪክ በነበረው የፒሎስ ቤተ መንግሥት፣ አንድ ጸሐፊ በእርጥብ የጭቃ ሰሌዳ ላይ የአማልክትን መባ ይመዘግብ ነበር። አጻጻፉ ችኮላ ይታይበታል። ለዜውስ አንድ የወርቅ ጽዋና አንድ ወንድ፣ ለሄራ አንድ የወርቅ ጽዋና አንዲት ሴት፣ ለሄርሜስም አንድ ጽዋና አንድ ወንድ ይላል። ሰዎቹ ጽዋ ተሸካሚዎች ይሁኑ ወይም የሚሠዉ፣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። ብዙም ሳይቆይ ቤተ መንግሥቱ ተቃጠለ፤ ጭቃውን እንደ ሸክላ ጠብሶ ለእኛ ያቆየውም ያው እሳት ነው። የፒሎስ ሰሌዳዎች ከመሬት መውጣት የጀመሩት በ1939 ሲሆን፣ ጽሕፈቱን በ1952 የፈታው ማይክል ቬንትሪስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ አርክቴክት ነበር። (ከልደት ወዲህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ዲዮኒሶስን የመሰለው አምላክ ዘግይቶ ከባዕድ አገር የመጣ ነው ብለው ያስተማሩ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ፤ የእሱም ስም በሰሌዳዎቹ ላይ ተገኘ። እነዚህ ስሞች ከሆሜር በአራት መቶ ዓመት ይቀድማሉ ማለት ነው።

ሆሜር ደግሞ ለስሞቹ ጠባይ ሰጣቸው። በኢልያድ መጀመሪያ ላይ አኪሌስ ተቆጥቶ ሰይፉን ከሰገባው ሲመዝ፣ አቴና ከኋላው መጥታ ፀጉሩን ጨምድዳ ትይዘዋለች። ከእሱ በቀር የሚያያት የለም። የጦርነቱን አምላክ አሬስን ደግሞ የገዛ አባቱ ዜውስ ከአማልክት ሁሉ አንተን እጠላለሁ ይለዋል። ግሪኮች እነዚህን ስሞች ሲጠሩ የሚያስቡት እንዲህ ያለ ፊትና ታሪክ ያለውን አካል ነው። ይህን አስቀድሜ ያነሣሁት በቀጣዩ ሁለት ሺህ ዓመት የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

የጠፋው በሮም ነው። ሮማውያን ከግሪኮች ጋር ሳይተዋወቁም የራሳቸው አማልክት ነበሯቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 በሮም መድረክ የመጀመሪያውን የላቲን ቲያትር ያቀረበው ሊቪየስ አንድሮኒኩስ፣ ከደቡብ ጣሊያን ከታሬንቱም የመጣ ግሪክ ነበር፤ የሆሜርን ኦዲሴይም ወደ ላቲን መልሷል። ሲመልስም ግሪኮቹ ሙዛ የሚሏትን የቅኔ አምላክ ሮማውያን በሚያውቋት የምንጭ አምላክ በካሜና ስም ጠራት። አሠራሩ ከአማት ቤት ስትገባ አዲስ ስም እንደሚወጣላት ሙሽራ ነው፤ ሴቲቱ ያችው ናት፣ ጎረቤቱ ግን በአዲሱ ስም ብቻ ያውቃታል።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ217፣ የካርቴጁ የጦር መሪ ሃኒባል የሮምን ጦር በትራዚሜኖ ሐይቅ ዳር ፈጀው። የተሸበረችው ከተማ አማልክቱን ለመለማመን ስድስት መደቦች አንጥፋ 12ቱን አማልክት ጥንድ ጥንድ አድርጋ ግብር አገባች፤ ጁፒተርን ከጁኖ፣ ኔፕቱንን ከሚነርቫ፣ ማርስን ከቬነስ፣ አፖሎን ከዲያና፣ ቩልካንን ከቬስታ፣ ሜርኩሪን ከሴሬስ ጋር። አቀማመጡ የግሪኮች ነው፤ 12 አማልክት ቆጥሮ ማጣመር የእነሱ ልማድ ነበር። ስሞቹ ግን የሮም ናቸው። ከ12ቱ የግሪክ ስሙን ይዞ የተቀመጠው አፖሎ ብቻ ነው፤ እሱን የሚመስል የአገር ውስጥ አምላክ ስላልነበራቸው ከ200 ዓመት በፊት በስሙ ቤተ መቅደስ ሠርተውለት ነበር።

ጥምረቱ ግን ልክ አልነበረም። ዜውስና ጁፒተር ከአንድ ጥንታዊ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ የጁፒተር ስም መጨረሻው «አባት» ማለት ነው፣ ግሪኮችም ሲጸልዩ «አባት ዜውስ» ይሉ ነበር። እዚህ ላይ ዝምድናው እውነት ነው። ማርስ ግን ለሮማውያን የከተማይቱ መሥራች የሮሙሉስ አባት፣ የተከበረ አምላክ ነው። በሆሜር ቆስሎ እየጮኸ ወደ አባቱ ከሚሮጠው አሬስ ጋር የሚጋራው ጦሩን ብቻ ነው። ቬነስም ከአፍሮዲቴ ጋር ከመዋሐዷ በፊት ከአትክልት ቦታ ጋር የተያያዘች አምላክ ነበረች። እንግዲህ ምዕራብ አውሮፓ የወረሰው ይህን ድብልቅ ነው፤ ታሪኩ የግሪክ፣ ስሙ የሮም።

ቀጥሎ ስሞቹ ሰማይ ላይ ወጡ፤ ከሰማይም ወደ ሳምንቱ ወረዱ። ግሪኮች ተንከራታች ከዋክብትን በአማልክት ስም መጥራትን ከባቢሎናውያን ተምረው የሄርሜስ ኮከብ፣ የአሬስ ኮከብ ይሉ ነበር፤ ሮማውያንም በራሳቸው ስሞች ተኳቸው። በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ግድግዳ ላይ የአማልክት ቀኖች በተርታ ተጭረው ተገኝተዋል። ፈረንሳዮች ማክሰኞን ማርዲ ሲሉ ማርስን፣ ረቡዕን መርክረዲ ሲሉ ሜርኩሪን፣ ሐሙስን ዤዲ ሲሉ ጁፒተርን፣ ዓርብን ቫንድረዲ ሲሉ ቬነስን ይጠራሉ። የሰሜኖቹ ጀርመናውያን ሕዝቦች ደግሞ የሮምን ስሞች በራሳቸው አማልክት ተኩ። የእንግሊዞች ዌንስደይ የዎደን ቀን፣ ተርስደይ የቶር ቀን ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ፖርቱጋል የነበረው የብራጋው ጳጳስ ማርቲን፣ ክርስቲያን ቀኖቹን በአጋንንት ስም መጥራት የለበትም ብሎ ተቆጣ፤ ፖርቱጋሎች እስከ ዛሬ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያሉ ይቆጥራሉ። የአማልክቱ አገር ግሪክ ራሷም በቁጥር ነው የምትጠራው፤ እኛ ረቡዕ እና ሐሙስ ስንል አራተኛና አምስተኛ እንደምንለው እነሱም ቴታርቲ እና ፔምፕቲ ይላሉ።

አማልክትን እንዲህ ማዛመድ የሮማውያን ብቻ አልነበረም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ድሉን በግሪክና በግዕዝ አስቀርጾ አክሱም ላይ አቆመ። በግዕዙ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪኩ ማሕረም በነበረበት ቦታ አሬስ ገብቷል። በዐዱሊስ ወደብም ስሙ ያልተረፈልን ሌላ የአክሱም ንጉሥ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን በግሪክ አስጽፎ ነበር፤ ጽሑፉን በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ገልብጦ አተረፈው። የአክሱም ጸሐፍት ከግሪክኛ ጋር የተገናኙት በቀይ ባሕር በኩል ነው፤ በሮም አላለፉም። ስለዚህ ለእነሱ ዜውስ ዜውስ፣ አሬስም አሬስ ነበር።

ይህ ልዩነት በመጽሐፍ ቅዱስም ይታያል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስና በርናባስ አማልክት መስለዋቸው ኮርማና የአበባ ጉንጉን ይዘው ይመጣሉ። ግሪክኛው ለበርናባስ የዜውስን፣ ለጳውሎስ የሄርሜስን ስም ይሰጣል። ሄሮኒሙስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማዘጋጀት የጀመረው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ጁፒተርና ሜርኩሪ አላቸው። ጀርመናዊው ሉተር በ1522፣ የእንግሊዙ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም በ1611፣ ከግሪክኛው እየተረጎሙ ሳሉ የላቲኑን ስሞች አስገቡ፤ የኤፌሶኗንም አርጤምስ ዲያና አሏት። የእኛ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ይላል፤ አርጤምስንም በስሟ ይጠራታል። ድያ የዜውስ ስም በግሪክኛ ተሳቢ ሲሆን የሚይዘው ቅርጽ ነው። የዛሬዎቹ ግሪኮችም ዜውስን ዲያስ የሚሉት ከዚያው ቅርጽ ተነሥተው ነው። የአማርኛ አንባቢ ድያን ሲያነብ ከማንኛውም የሎንዶን አንባቢ ይልቅ ለአቴንስ ከተማ ሰው ቀርቦ እንደኖረ ሳስብ ደስ ይለኛል።

በምዕራብ አውሮፓ ግሪክኛ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ነበር። ጣሊያናዊው ገጣሚ ፔትራርካ በ1354 ከቁስጥንጥንያ የሆሜር ብራና ሲደርሰው ማንበብ አልቻለም። እሱና ጸሐፊው ቦካቾ ሊዮንቲየስ ፒላቱስ የተባለ የካላብሪያ ሰው ፍሎረንስ ላይ ሆሜርን ቃል በቃል ወደ ላቲን እንዲመልስላቸው አደረጉ። ፒላቱስ በኋላ ከቁስጥንጥንያ ሲመለስ በማዕበል መካከል የመርከቡን ምሰሶ ይዞ ሳለ መብረቅ መትቶ ገደለው፤ ፔትራርካ ሞቱን በሐዘን ጽፎታል። በ1488 የሆሜር ግሪክኛ ፍሎረንስ ውስጥ ታተመ። ጽሑፉ ተመለሰ እንጂ ስሞቹ ገና አልተመለሱም። በዚያችው ከተማ በእነዚያው ዓመታት ሠዓሊው ቦቲቼሊ ከባሕር የወጣችውን አምላክ ሥሎ ነበር፤ ታሪኩ የአፍሮዲቴ ነው፣ ዓለም ግን ሥዕሉን የቬነስ ልደት ብሎ ያውቀዋል። በእንግሊዝ ቻፕማን ኢልያድን በ1611 ሲፈጽም፣ ፖፕም ከ1715 ጀምሮ የራሱን ሲያወጣ፣ በሁለቱም ውስጥ በኦሊምፖስ ላይ የሚነግሠው ጆቭ፣ ሚስቱም ጁኖ ናት። ጆቭ የጁፒተር ሌላ ስሙ ነው። እነዚህ ሰዎች ግሪክኛ ይችሉ ነበር። ነገር ግን አንባቢያቸው ከልጅነቱ የሮም ገጣሚዎችን ቨርጂልንና ኦቪድን በላቲን ያጠና ስለነበር በለመደው ስም ተናገሩት።

ነገሩ መገልበጥ የጀመረው በ1781 ነው።

በዚያ ዓመት ዮሃን ሃይንሪሽ ፎስ፣ በሰሜን ጀርመን በኤልበ ወንዝ አፍ አጠገብ ባለችው በኦተርንዶርፍ የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው፣ ኦዲሴይን በራሱ በሆሜር ምጣኔ ወደ ጀርመንኛ መልሶ አሳተመ። አማልክቱን በግሪክ ስማቸው ጠራቸው፤ ዜውስ፣ አቴና፣ ፖሲዶን። ፎስ በዚህ ብቻ አልረካም፤ ስሞቹ ግሪኮቹ በጠሯቸው ድምፅ እንዲነበቡ ፈለገ። ኤታ የሚባለው የግሪክ ፊደል ከጀርመኖቹ «ኤ» ይልቅ አፍ ሰፋ ብሎ የሚነገር ድምፅ አለው ብሎ ስለሚያምን፣ ሄቤንና አቴናን የመሰሉ ስሞችን በዚያው መልክ ጻፋቸው። የጌቲንገኑ የፊዚክስ ሊቅ ሊሽተንበርግ በአጸፋው ስለ ጥንታዊት ግሪክ በጎች አነጋገር፣ በኤልበ ዳር ካሉት ወንድሞቻቸው ጋር በማነጻጸር የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። በጎቹ በከንቱ አልገቡም። የጥንቱ ባለ ቀልድ ተውኔት ጸሐፊ ክራቲኖስ የበግን ጩኸት በዚያው ፊደል ጽፎት ስለነበር፣ የፊደሉ ድምፅ ክርክር በተነሣ ቁጥር በጎቹ ምስክር ይሆኑ ነበር። ሊሽተንበርግ አሹፎበታል፤ ፎስ ግን ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከልቡ ነበር የያዘው። የገባር ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አያቱ ነፃ የወጣ ገባር ነበር። በድህነት ተምሮ ሆሜርን የደረሰበት ሰው፣ በሆሜር ውስጥ ያለው አንድ ድምፅ እንኳ በሌላ ሲተካ ዝም ብሎ አላየም። በ1793 ኢልያድንም ጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ የጀርመን አንባቢ ሆሜርን ሲከፍት የሚያገኘው ዜውስን ሆነ።

በዚያው በ1781፣ መጋቢት 13 ሌሊት፣ የሃኖቨሩ ተወላጅ ሙዚቀኛ ዊልያም ኸርሸል በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ከቤቱ ጓሮ ሆኖ በራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ከሳተርን ማዶ ያለ ፕላኔት አገኘ። ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ክብር የጆርጅ ኮከብ አለው። የበርሊኑ ዮሃን ቦደ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ የማርስ አባት ጁፒተር፣ የጁፒተር አባት ሳተርን ከሆነ፣ ከሳተርን በኋላ የሚመጣው የእሱ አባት ይሁን አለ። ሮማውያን ያንን አምላክ ኬሉስ ይሉታል፤ ቦደ ግን ዩራነስ የሚለውን፣ የግሪኩን ኡራኖስ አነሣ። በዚህም የግሪክ አምላክ በላቲን ፊደል ይሁን እንጂ በራሱ ስም ከፕላኔቶቹ ተርታ ገባ። በ1789 የኬሚስትሪ ሊቁ ክላፕሮት አዲስ ያገኘውን ንጥረ ነገር በፕላኔቱ ስም ዩራኒየም አለው። የእንግሊዝ መርከበኞች የሚመሩበት የሰማይ አልማናክ ግን የንጉሡን ስም እስከ 1850 አልተወም።

በሩሲያ ጉዳዩ ሌላ መንገድ ነበረው። ሩሲያ ክርስትናን የተቀበለችው ከቁስጥንጥንያ ስለሆነ የግሪክ ስሞችን የሰማችው ከባይዛንታይን አፍ ነው። ስለዚህ ዜውስ በሩሲያኛ ዜቭስ፣ አቴናም አፊና ናት። የቤተ መንግሥቱ ቅኔ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳዮችን ልማድ ተከትሎ ጁፒተርና ሚነርቫ ማለት ለምዶ ነበር። በፈንጣጣ አንድ ዓይኑን ያጣው ኒኮላይ ግኔዲች ከ20 ዓመት በላይ ከደከመ በኋላ በ1829 ኢልያድን ሲያወጣ ዜቭስንና አፊናን በክብር ቦታቸው አስቀመጣቸው።

እንግሊዞች ዘግይተዋል፤ ክርክሩን በግልጽ ያካሄዱት ግን እነሱ ናቸው። ከባንክ ሥራ የወጣው ጆርጅ ግሮት በ1846 የግሪክ ታሪክ የተባለውን ግዙፍ ሥራውን ማሳተም ሲጀምር፣ የትምህርት ቤት ባልንጀራው ኮኖፕ ቲርልዎል እንዳደረገው አማልክቱን በእውነተኛ የግሪክ ስማቸው እንደሚጠራ በመግቢያው አስታወቀ። አንባቢ እንዳይደናገር ሠንጠረዥም አበጀ፤ በአንድ በኩል ዜውስ፣ ፖሲዶን፣ አሬስ፣ ሄርሜስ፣ በሌላ በኩል ጁፒተር፣ ኔፕቱን፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ። ያን ሠንጠረዥ ሳስበው፣ አንድ የተማረ የሎንዶን ሰው ሄፋይስቶስ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጣቱን አስሮጦ ቩልካን የሚለው ላይ ሲያሳርፍ ይታየኛል። በዚያው ዓመት መስከረም 23 በርሊን ላይ ሌላ ፕላኔት ተገኘ፤ ሥነ ፈለክ ግን ወደ ጥንቱ ልማድ ተመልሳ ኔፕቱን አለችው።

ተቃዋሚውም ቀላል ሰው አልነበረም። ሦስት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሎርድ ደርቢ በ1864 ኢልያድን ተርጉሞ ሲያሳትም፣ እያመነታ የላቲን ስሞችን መምረጡን ጻፈ። የእንግሊዝ አንባቢ ዜውስንና አፍሮዲቴን፣ ምናልባት ፖሲዶንንም ያውቅ ይሆናል፤ ሄራ፣ አሬስ፣ ሄፋይስቶስ ቢባል ግን ምንም አይታየውም ነው የሚለው። ለጊዜው እውነቱን ነበር። በአሜሪካም የቦስተኑ የባንክ ጸሐፊ ቶማስ ቡልፊንች በ1855 ለብዙኃኑ ባዘጋጀው የተረት መጽሐፍ የሮምን ስሞች አስቀድሞ የግሪኩን በቅንፍ አስገብቷል። እኔ ግን ከግሮት ጋር ነኝ። አንባቢ የማያውቀውን ስም ሊማር ይችላል፤ አሬስ ማርስ ተብሎ ሲነገረው ግን ያላወቀው ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

በፈረንሳይ በሕንድ ውቅያኖስ ከሬዩንየን ደሴት የመጣው ገጣሚ ለኮንት ደ ሊል በ1860ዎቹ ሆሜርን ተርጉሞ ከሁሉም ርቆ ሄደ። የአማልክቱ ብቻ ሳይሆን የጀግኖቹ ስም ሳይቀር ከፈረንሳይኛ ልብሱ ተገፈፈ፤ አሺል የነበረው አኪሌዩስ፣ ኡሊስ የነበረው ኦዲሴዩስ ሆነ። ብዙ አንባቢ ጆሮውን ጎረበጠው። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ በእንግሊዝ ሳሙኤል በትለር አሁንም ጆቭና ሚነርቫ እያለ ይተረጉም ነበር፤ ከእሱ በኋላ ግን በዚያ መንገድ የሄደ ተርጓሚ ጥቂት ነው።

ሰማዩንም ቢሆን ስሞቹ ቀስ በቀስ ያዙት። በ1877 አሳፍ ሆል የማርስን ሁለት ጨረቃዎች ሲያገኝ የኢተን ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ሄንሪ ማዳን ፎቦስና ዴይሞስ እንዲባሉ አሳሰበ። ሁለቱም በሆሜር የአሬስ ተከታዮች፣ ድንጋጤና ሽብር ናቸው። በ1930 አሪዞና ላይ አዲስ የሰማይ አካል ሲገኝ የ11 ዓመቷ የኦክስፎርድ ልጅ ቬኔሺያ በርኒ ቁርስ ላይ ፕሉቶ ቢባልስ አለች። ሐሳቧን ለሥነ ፈለክ ሊቁ ለተርነር ያደረሰው አያቷ ፎልክነር ማዳን የሄንሪ ወንድም ነበር። ፕሉቶም ሮማውያን ከግሪኮች ሳይለውጡ የወሰዱት ስም ነው።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ጉዳይ ከሁሉም ዘገየ። በ1881 የታረመው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን ጁፒተርን በጽሑፉ ውስጥ ትቶ ዜውስን በኅዳግ ብቻ አስገባ። ዜውስና ሄርሜስ ከኅዳግ ወጥተው ወደ መስመሩ የገቡት፣ የኤፌሶኗም ዲያና አርጤምስ የሆነችው፣ በ1946 አሜሪካ በታተመው የዚሁ ትርጉም ተከታይ እርማት ነው።

ስለዚህ ናሳ በ2019 ሰውን እንደገና ወደ ጨረቃ ለመውሰድ ለያዘው ዕቅድ ስም ሲያወጣ አርጤምስን መምረጡ ማንንም አላስገረመም። የ1960ዎቹ ጉዞ በአፖሎ ስም ነበር፤ አርጤምስ መንታ እኅቱ ናት። ከ150 ዓመት በፊት ቢሆን ዲያና በተባለች ነበር።  ይህችን አምላክ እንግሊዞች አርተሚስ፣ ስፓኞች አርቴሚሳ፣ ጣሊያኖች አርቴሚደ፣ ሩሲያውያን አርቴሚዳ ይሏታል፤ ዲያናን ከነገሩ ያስወጣ ማንም የለም፣ እሷም በሮም ቅኔና በሴቶች ልጆች ስም ውስጥ በራሷ ቦታ አለች።